ብሳናው ከአጥር ውጭ የቆመበት ፎቶ

ጎረቤታችን ከድሮ ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ላስቲኩን በሻሽ ቋጥሮ፣ ሻሹን በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቋጠሮውን ሲፈታ እናቴ ከጎኔ ሆና፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ፣

"እንቁላል ነው እንዴ የያዘው?" አለች።

"መርዝሽ ነው ሀሊሜ" አላት ቀና ሳይል። "ትንሽ ቆዪ፣ ትቀምሽዋለሽ።"

ክሱ ስለ ጀፎረ ነበር። ጀፎረ በእኛ ዘንድ በቤቶች ፊት እንደ ሰፊ መንገድ የሚዘረጋ ሣር ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሙሽራ ይሸኙበታል፤ ባለቤት የለውም። አጥሩን ወደዚያ የገፋ ሰው ከመንደሩ ሁሉ እንደ ሰረቀ ይቆጠራል። ቢሆንም የማይገፋ የለም። የባሕር ዛፍ አጥር ይበሰብሳል፣ በአዲስ ይተካል፣ አዲሱ ከአሮጌው ትንሽ ወጣ ይላል፣ ጎረቤትም እንዳላየ ያልፋል። ነገሩ ሲበዛ በ2009 ሽማግሌዎች ገመድ ይዘው ወጡ። እስከዚያ ቀን የተገፋው ለገፊው ተተወለት። ከዚያ ወዲያ ግን ስንዝር መሬት ላይነካ እያንዳንዱ ቤት ማለ። መሐላውን ያፈረሰ አጥሩን በገዛ እጁ ይነቅላል፤ በተገፋው ቦታ ላይ ቤት ሠርቶ ከሆነም ቤቱን ያፈርሳል።

ከድሮ፣ እናቴ መሐላውን አፍርሳለች ይላል። እናቴ ደግሞ አጥሩን ያስወጣው ባሌ ነው፣ ከመሐላው በፊት ነው ትላለች። አባቴ በ2007 ስለሞተ አይጠየቅም። በድሮው አጥርና በአሁኑ መካከል የቆመው ሱቃችን ነው፤ እናቴ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይትና ብስኩት የምትሸጥበት አንድ ክፍል። ጓሮ እንሰት አለን፤ እንሰት ግን ጨው አይገዛም። ሱቁ ከፈረሰ እናቴ የሚቀራት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ከቱርክ ከተመለስኩ ወዲህ ሥራ አላገኘሁም፤ ልቆይ ልሂድም ስላልወሰንኩ ሻንጣዬን እንኳ ጨርሼ አልፈታሁም።

አጥሩ የት እንደነበረ እኔ ብጠየቅ አላውቅም። አንደኛ ክፍል ሳልገባ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ፤ ከዚያ በ2010 ቱርክ ሄድኩ። ደጃችን ላይ ያለው ብሳና ስር ተቀምጬ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ብሳናው ግን ያኔ ከአጥር ውስጥ ይሁን ከአጥር ውጭ፣ ልጅ ያንን አያይም። አሁን ከውስጥ ነው፤ ቅጠሉ በሱቁ ቆርቆሮ ላይ ይረግፋል።

ጎረቤቶች ለምስክርነት ተጠርተው ነበር። አንዱ "ያን ጊዜ መርካቶ ነበርኩ" አለ። ሁለተኛውም መርካቶ ነበር። ሦስተኛዋ ዓይኗን ያማታል። ነገ አብሮ የሚኖር ሰው፣ በዚያ ላይ የራሱም አጥር የሚያሳስበው ሰው፣ ምን ብሎ ይመሰክራል።

"ሰው እምቢ ካለ ዕቃ ይመስክር" አለ ከድሮ። ካሜራዋን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ የእጅ ሳሙና የምታህል፣ ብርማ፣ ጥጓ ላይ የተላጠች። እህቱ ከጅዳ ያመጣችለት ናት። "እዚህ ውስጥ የሀሊሜ አጥር አለ። ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ።"

ቁልፏን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ።

"መስክሪ በላት" አለች እናቴ።

"ባትሪዋ ሞቷል" አልኩ እኔ። ያልተጠየቅኩትን መናገር የቆየ ልማዴ ነው።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዳኝነቱን የሚመሩት ሀጂ ሙስተፋ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው "ታውቂበታለሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለች ነበረችኝ።"

"እሷ የተማረችው ጨርቅ ነው" አለ ከድሮ። "ቱርክ ድረስ ሄዳ ጨርቅ ተምራ መጣች። እዚህ ሸማኔ የጠፋ ይመስል።"

"የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ነው ጋሽ ከድሮ።"

"እሱን ነው ያልኩት፣ ጨርቅ።"

ሀጂ ሙስተፋ ወደ ከድሮ ዞሩ። "አንተ የመረጥከው ሰው ቢከፍታት ሀሊሜ ነገ ቀየሩብኝ ትላለች። ተከሳሽ ራሱ የከፈተው ማስረጃ ግን ክርክር የለበትም። ፈቲሀ ትክፈታት።"

"ሀጂ፣ ጅብ ሥጋ ይጠብቃል ወይ?"

"አንድ ጅብ ብቻውን ከሆነ አይጠብቅም። ለሁለት እናካፍላለን።"

እንዳሉትም አካፈሉን። ባትሪዋንና ሚሞሪ ካርዷን እኔ እንድይዝ፣ ቀፎዋ ከከድሮ ጋር እንድትቆይ ተወሰነ። እሱ ያለ እኔ ሊከፍታት አይችልም፤ እኔም ያለ እሱ። ከቡኢ የተጠሩት ሽማግሌ አቶ ወልደአማኑኤል፣ ለሁለታችንም ዘመድ ስላልሆኑ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ፣ "እንዲህ ያለ ጋብቻ አይቼ አላውቅም" ብለው ሳቁ። ሌላ የሳቀ የለም።

ወደ ቤት ስንገባ እናቴ ሚሞሪዋን ከእጄ ላይ አየቻት።

"ይቺ ጥፍር ናት ይህን ሁሉ የምታወራው?"

"ይቺ ናት።"

"ምድጃ ውስጥ ብትወድቅብሽ ማን ያውቃል?"

"ሁሉም ያውቃል እማ።" ቆይቼ ጠየቅኳት፦ "አጥሩን አባባ ነው ያስወጣው?"

"አባትሽ ነው።"

"መቼ?"

"የሞተን ሰው መቼ ብለሽ ትጠይቂያለሽ?" አለችና ዘይት ልትቀዳ ወደ ሱቁ ወጣች።

*

ቻርጀሯ ስለጠፋች ባትሪዋን ቡታጅራ ወስደን መሙላት ነበረብን። ሀጂ ሁለታችንንም በአንድ ባጃጅ ሰደዱን። ከድሮ በአንዱ ጥግ፣ እኔ በሌላው፤ መሃላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ሾፌሩ በመስታወት እያየ ሌላ ሰው ልጫን ወይ ቢል ሁለታችንም "አይ" አልነው፤ በዚያ ቀን የተስማማነው በዚያ ብቻ ነው። ሚሞሪዋን በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬያት ነበር። ከድሮ እስከ ከተማ ድረስ ዓይኑን ከቋጠሮው ላይ አላነሳም።

ፎቶ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ባለቤቱ ናጃህ ካሜራዋን ሲያይ ሳቅ አለ። "ይቺን ዓይነት ካየሁ ቆየሁ። አሁን ሁሉም በስልክ ነው።" ባትሪዋን ለሁሉም ዓይነት በሚሆን ቻርጀር ላይ አስሮ ሰካት። ቀይ መብራት በራ። እኛ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ባሉት ሁለት የላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን፣ ለጋብቻ ፎቶ የመጣን ይመስል።

"አባትሽ ጥሩ ሰው ነበር" አለ ከድሮ።

"አላህ ይማረው።"

"አንቺ እሱን አትመስይም።"

"ማንን እመስላለሁ?"

"ማንንም። ውጭ አገር የከረመ ሰው ማንንም አይመስልም። ሲሄድ የሚመለስ ይመስላል፣ ሲመለስ የሚሄድ ይመስላል።" ጉልበቱን እያሸ ወደ እኔ ዞረ። "እውነቱን ልንገርሽ? ፎቶዋ ብትከፈትም አንቺ ትዋሻለሽ። ልጅ ነሽ፣ ለእናትሽ ትዋሻለሽ። አልፈርድብሽም። እኔ ግን ስትዋሺ ፊትሽን ማየት ነው የምፈልገው። ሰባት ዓመት ተምሮ የመጣ ፊት ሲዋሽ እንዴት ነው የሚሆነው፣ እሱን።"

ዓይኔን ወደ ቀዩ መብራት መለስኩ። እኔም ከትናንት ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ናጃህ ባትሪዋን አስገብቶ ቁልፏን ተጫነ። ካሜራዋ ነቃች፤ ሌንሷ ከቀፎዋ ውስጥ ወጣ ማለት ጀመረና እህል እንደሚፈጭ ነገር አሰምታ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ስክሪኗ ላይ የሌንስ ስህተት የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ጮኸች፣ ጠፋች።

"አቧራ በልታለች" አለ ናጃህ፣ ቶሎ ብሎ ወደ እኛ እየገፋት። "እኔ አልነካም። ነገ አንዳችሁ ሰበርክ ትሉኛላችሁ።"

ከድሮ ቀፎዋን ወሰደ። እኔ ባትሪዋን አወጣሁ። በመጣንበት አኳኋን ተመለስን።

*

በአርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ጀፎረው ላይ ሰሌን ተነጠፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ መርካቶ የነበሩትም፣ ዓይናቸውን የሚያማቸውም። እናቴ ከኋላዬ ተቀመጠች፣ ጣቶቿ ጀርባዬን ሊነኩ በሚችሉበት ርቀት።

ነጭ ወረቀትና አዲስ የጥርስ ብሩሽ ጠየቅኩ። ሌንሷን ወደ ታች አድርጌ በመዳፌ ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግኋት። ወረቀቱ ላይ ቀይ አቧራ ወረደ፣ ደረቅ አፈር፣ የጥራጥሬ ገለባ የሚመስል ነገር።

"የት ነበር የምታስቀምጣት?" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

"ጎተራ ውስጥ" አለ ከድሮ። "ከአይጥ ለማስጣል።"

በሌንሱ ዙሪያ ያለውን ቀጭን ክፍተት በብሩሹ ጠረግሁ፣ የወረቀቱን ጠርዝ አስገብቼ ዙሪያውን አዞርኩ። አንድ ቦታ ላይ ያዘኝ። ትንሽ ገፋ ሳደርግ ቀጭ አለ።

"ሰበረችው" አለ ከድሮ። "አያችሁ? ጻፉልኝ።"

"የምንጽፍበት የለንም፣ ዝም በል" አሉት ሀጂ።

ባትሪዋን አስገብቼ ቁልፏን ተጫንኩ። ሌንሷ ወጣች፣ አንድ ጊዜ አመነታች፣ እስከ መጨረሻው ተዘረጋች። ከሰዉ መሃል የሆነ ሰው ተነፈሰ። ከድሮ እንኳ ፊቱ ለአፍታ ፈታ ብሎ ነበር፤ እኔ ስላየሁት መልሶ ቋጠረው።

ካሜራዋ ግን ገና ብዙ ጥያቄ ነበራት። መጀመሪያ ቀንና ሰዓት አስገቢ አለችኝ። ከድሮ ከትከሻዬ በላይ ተንጠራርቶ "ምንድን ነው የምትለው?" አለ።

"ቀኑን ረስታለች። ያለ ባትሪ ብዙ ስለቆየች ነው።"

"ራሷ ቀኑን ከረሳች እንዴት ትመሰክራለች?" አሉ ሀጂ።

"የዛሬውን ነው የረሳችው። ፎቶው ላይ ያለው ቀን ፎቶው ሲነሳ አብሮ የታተመ ነው፣ እሱ አይነካም።" ጥያቄውን አልፌ ሄድኩ።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነበር። ካርዱ አይነበብም፣ ይጽዳ? ይላል በእንግሊዝኛ። ከስሩ ሁለት ቃል፤ አዎ፣ አይ። ቢጫው ምልክት "አዎ" ላይ ቆሟል። አንዴ መጫን ብቻ ነበር። ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ከድሮ ይጮሃል፤ እኔም "ካርዱ ተበላሽቷል" እላለሁ፣ ውሸትም አይሆንም፣ ካሜራዋ ራሷ ብላዋለች። እዚያ ከነበሩት ሁሉ ያንን ማንበብ የሚችሉት አቶ ወልደአማኑኤል ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ቡኢ ረስተዋል።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ጣቴ ግን ሲቆም አየች። ከኋላዬ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ "ተጫኚው" አለች።

"አይ" የሚለውን ተጫንኩ። ለምን እንደሆነ ያኔም አላወቅኩም። ካርዷን አውጥቼ ወርቅማ ጥርሶቿን በሻርፔ ጫፍ ጠረግኋቸውና መልሼ አስገባኋት። የእናቴ እግር ጣት ከኋላ ጎኔን ወጋኝ።

ፎቶው መጣ።

ከድሮ ጎርፍ የጠረገው የመሰለ ቡናማ ኮት ለብሶ የሰባ በሬ ቀንድ ይዞ ቆሟል። በየዓመቱ በሬ ስለሚያደልብ የየትኛው ዓመት በሬ እንደሆነ ከበሬው አይታወቅም። ከኋላው ሣሩ፣ ከሣሩ በኋላ ብሳናው፣ ከብሳናው በኋላ የእኛ አጥር። ብሳናው ከአጥር ውጭ ነበር። ሱቅ የለም። ከታች በቀኝ በኩል በብርቱካንማ ቁጥር 2011/05/31 06:10 ይላል።

ካሜራዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች።

"ሁለት ሺህ አሥራ አንድ" አለ ከድሮ፣ እጁን በኮቱ ኪስ ከትቶ። "መሐላው ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው። አጥሩ ከመሐላው ሁለት ዓመት በኋላ ከብሳናው ወዲያ ነበር። ዛሬ ወዲህ ነው። ባሏ ከመቃብር ወጥቶ ነው የገፋው?"

አቶ ወልደአማኑኤል ካሜራዋን ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው፣ ደግመው አርቀው አዩዋት። "ሠላሳ አንድ ነው የሚለው?"

"ሠላሳ አንድ" አልኩ።

"የእኛ ወር ከመቼ ወዲህ ሠላሳ አንድ ቀን ያለው? ይህ የፈረንጅ ቀን ነው። የፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ደግሞ የእኛ ሁለት ሺህ ሦስት ነው። ያኔ ባሏ በሕይወት ነበረ። መሐላም አልነበረም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች እናቴ። ጣቶቿ ጀርባዬ ላይ ዐረፉ።

"የምን ፈረንጅ?" ከድሮ ተነሳ። "ልጄ ሙሀይሚን ነው የሞላው። በእኛ ቀን፣ በእኛ ሰዓት፣ ከግድግዳ ሰዓት ላይ እያየ። ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው፣ አሁን ደውሉለት።"

"ልጅ ለአባቱ አይመሰክርም" አሉ ሀጂ። "ተቀመጥ።" ከዚያ ወደ እኔ። "ፈቲሀ፣ ካሜራ የሚቆጥረው በማን ነው?"

ካሜራዋን ተቀበልኩ። ጊዜ ለመግዛት ማቅረቢያውን እየገፋሁ ፎቶውን አጎላሁት። ነገሩ ቀላል ነበር። ካሜራ አገር የለውም፤ የነገሩትን ቀን ይዞ ይነሳል፣ ከዚያ በራሱ ወራት ይቆጥራል። አምስተኛው የፈረንጅ ወር ሠላሳ አንድ ቀን ስላለው፣ አምስተኛ ወራችን ለሆነው ለጥርም ሠላሳ አንደኛ ቀን ይሰጠዋል። ስለዚህ የአቶ ወልደአማኑኤል ሠላሳ አንድ የትኛውንም አያረጋግጥም። ሰዓቱ ግን ያረጋግጣል። በፈረንጅ ስድስት ሰዓት ከሆነ ፀሐይ ገና ከተራራው ብቅ ማለቷ ነው፤ የበሬው ጥላ ጀፎረውን አቋርጦ መተኛት ነበረበት። የበሬው ጥላ ግን ሆዱ ስር ተሰብስቧል። ቀትር ነው። ሙሀይሚን ስድስት ሰዓት ብሎ የሞላው የእኛን ስድስት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን በእኛ የሞላ ልጅ ዓመቱን በፈረንጅ አይሞላም።

ከድሮ እውነቱን ነበር የተናገረው። እናቴ ዋሽታለች።

ጎልቶ የታየውን ፎቶ በቀስቱ ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ ሌላ ጥላ ልፈልግ ብዬ ነበር። ጥላ ሳይሆን የመብራት ምሰሶው መጣ። ከፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ከሣሩ መሃል፣ ብቻውን ቆሟል። ከምሰሶው ወዲያ የከድሮ አጥር ይታያል። ዛሬ ያ ምሰሶ ያለው በከድሮ ግቢ ውስጥ ነው፤ መብራት ሊሠሩ የሚመጡት ሰዎች በሩን አንኳኩተው ነው የሚገቡት። ከድሮ ለጠየቀው ሁሉ ምሰሶው ከጥንት ግቢው ውስጥ እንደነበረ ይናገራል። ፎቶውን ስንት ጊዜ አይቶት ይሆን? ያየው ግን የእኛን አጥር ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነበር። "በፈረንጅ ነው" ካልኩ ሁለቱም አጥር ይቆማል፤ እናቴ ሱቋን ይዛ ትኖራለች፣ ከድሮም ምሰሶውን ታቅፎ ይኖራል፣ እኔም በዋሸሁት እሱ ይድናል። "በእኛ ነው" ካልኩ ሁለቱም ይወድቃል።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለ ከድሮ። ፊቴን እያየ ነበር፤ ሊያየው የመጣውን ፊት። ፈገግ ብሏል። "ዋሺና ገላግይን።"

"በእኛ ነው" አልኩ።

የእናቴ ጣቶች ከጀርባዬ ተነሱ።

ጥላውን አሳየኋቸው። አቶ ወልደአማኑኤል አየር ላይ በጣታቸው ፀሐይን አወጡ፣ አዘቀዘቁ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ልክ ናት። እኔ ተሳስቻለሁ። ሁለት ሺህ አሥራ አንድ የእኛ ነው።" ከድሮ አጠገቡ የነበረውን ሰው እጅ ጨበጠ። የሌላውንም ጨበጠ። ወደ እናቴ ዞሮ "ልጅሽን አስተምረሻታል" አላት።

"ጋሽ ከድሮ፣ አልጨረስኩም" አልኩና ካሜራዋን ለሀጂ ሰጠኋቸው፤ ስክሪኗ ላይ ምሰሶው ብቻ ነበር።

ሀጂ ብዙ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው በእውነት የቆመውን ምሰሶ፣ ከከድሮ አጥር በላይ አናቱ ብቻ የሚታየውን፣ አዩ። ካሜራዋን ለከድሮ አቀበሉት።

ከድሮ ካሜራዋን እንደ ጋለ ከሰል ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወራት።

"ሀጂ፣ መጀመሪያ እኚህ ሰውዬ ያሉት ነው ልክ" አለ። "ሠላሳ አንድ ቀን እኮ የእኛ ወር የለውም።"

"አሁን የፈረንጅ ሆነ?"

"ሙሀይሚን ሰዓት መሙላት የት ያውቃል? የእጅ ሰዓቱን እንኳ እኔ ነኝ የማስተካክልለት።"

"ከግድግዳ ላይ እያየ ነበር ያልከን።"

"ግድግዳው ላይ ያለውም ተሳስቶ ይሆናል።"

ከወደ ኋላ ሳቅ ተሰማ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ የከድሮ አውራ ጣት ማቅረቢያውን መልሶ ቀስቱን ነክቶ ኖሮ ካሜራዋ ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈች። ጀፎረው ከዳር እስከ ዳር የተነሳበት ፎቶ ነበር፤ የግራውም የቀኙም አጥር በሙሉ። መርካቶ የነበሩት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አዩ።

"በቃ" አለ አንዱ። "የተከሰሱት ሁለት ቤቶች ናቸው። ዝጉት።"

"ዝጉት" አለ ሌላው። ዓይኗን የሚያማት ሴትዮ ሳትቀር "ዝጉት" አለች።

ሀጂ ሙስተፋ ካሜራዋን ወስደው እንዴት እንደምትዘጋ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ሌንሷ ያለ ምንም ድምፅ ገባች። በሚቀጥለው አርብ፣ ከጁምዓ በፊት፣ ሁለቱም ቤቶች በ2011 ወደነበሩበት እንዲመለሱ ተፈረደ።

*

እናቴ እስከ ሐሙስ አላናገረችኝም። ሐሙስ ጠዋት ሳሙናዎቹን ወደ ቤት እያስገባች ሳለ በሩ ላይ ቆመች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ጠይቂኝ።"

"ምሰሶውን ባታዪ ኖሮ ትናገሪ ነበር?"

የሳሙናውን ካርቶን ከእጇ ልቀበላት ሞከርኩ፤ አልሰጠችኝም።

"እውነቱ እኮ ነው እማ።"

"እውነቱን እኔ አጥቼው ነው? አጥሩን የገፋሁት እኔ፤ አታውቀውም ብለሽ ነው የምትነግሪኝ? የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።" እኔ እንደገና ወደ ካርቶኑ እጄን ዘረጋሁ። "ከድሮን ለመጣል እኔን መሰላል አደረግሽኝ" አለች። "እሱ እንኳ የሚጠላኝ ፊት ለፊት ነው።"

ወደ ውጭ የመሄዴ ነገር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተመልሶ ወደ ሐሳቤ መጣ፤ ግን መሄድም ሆነ መቅረት ከእንግዲህ ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከንጋት ጀምሮ ከድሮ አጥሩን ሲነቅል ይሰማ ነበር። የሚረዳው ሰው አልነበረም። መንደሩ በር ዘግቶ በስንጥቅ እያየ ነው። እናቴ በሱቁ ጣሪያ ላይ መሰላል አስደግፋ ወጣች፤ እኔ መሰላሉን ልይዝ ስጠጋ "አያስፈልገኝም" አለች። ቆርቆሮዎቹ የተመቱት በትልልቅ ሚስማር ነበር። የመጀመሪያውን በመዶሻ ጀርባ ስትፈነቅለው ቆርቆሮው ጥጉ ላይ ተጣጠፈ።

የከድሮ ድምፅ ከጎን ቆመ። ጥቂት ቆይቶ በሁለቱ ግቢዎች መካከል፣ አጥር በሌለበት፣ የሚስማር መንቀያውን ይዞ መጣ። ሰላም አላለም።

"አታጣጥፊው" አላት ከታች ሆኖ። "ነገ መልሰሽ ታለብሺዋለሽ፤ ደህናውን ቆርቆሮ ለምን ታበላሺዋለሽ።"

"በምን ልንቀለው ታዲያ፣ በጥርሴ?"

"ውረጂ።"

ወረደች። እሱ ወጣ፣ እሷ መሰላሉን ያዘችለት። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ሳያጣምም እየነቀለ ወደ ታች ሲጥል እሷ በቀሚሷ ተቀበለቻቸው። አንዴ "ቀስ በል፣ ዕድሜህን አትርሳ" አለችው። እሱም "የአንቺን ሱቅ ሳላፈርስ አልሞትም" አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ አብረው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲወርድ በነፋስ ተንገጫገጨና የአንዱ ጫፍ ወደ እኔ ዘመመ። ያዝኩት።

"ልቀቂው" አለች እናቴ።

"ከባድ ነው፣ ብቻሽን አትችዪውም።"

"ከድሮ ይይዘዋል" አለች።

ከድሮ ከመሰላሉ ወርዶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ጫፉን ከእጄ ተቀበለኝ። ፊቴን አላየኝም። ቆርቆሮውን በመሃላቸው ይዘው፣ እሱ ወደ ኋላ እየሄደ፣ እሷ "ድንጋይ አለ፣ ግራ፣ ግራ" እያለችው፣ ወደ ጓሮ ወሰዱት።